የክመር ልጅን ከባህሉም ከስሜቱም ሳይጎድል ማሳደግ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች ካምቦዲያም ሆነ አሜሪካና ፈረንሳይ ያሉ የክመር ወላጆች፣ እንዲሁም ልጆቻቸውን የሚይዙ ሞግዚቶችና የመዋእለ ህፃናት አስተማሪዎች (አሜሪካ ውስጥ በዚህ ስራ ላይ የኛም ሰዎች ብዙ ናቸው) ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው።

ክመር ማለት ካምቦዲያዊ ማለት ነው አደል?

በአብዛኛው አዎ፣ ግን ሙሉ ለሙሉ አደለም። ክመር የካምቦዲያ ትልቁ ህዝብ ነው፣ እዛው አገር ግን ሙስሊሞቹ ቻሞች አሉ፣ ሰሜን ምስራቅ ተራራማው ክፍል ደግሞ ቡኖንግ፣ ታምፑዋን ምናምን የሚባሉ የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው ህዝቦች አሉ። በተቃራኒው ክመር ሆነው ካምቦዲያ ያልተወለዱም ብዙ ናቸው፣ ቬትናም ሜኮንግ ዴልታ ላይ ክመር ክሮም የሚባሉት አሉ፣ ታይላንድ ሱሪን አካባቢም አሉ፣ ከዛ በስደት አሜሪካ ሎንግ ቢችና ሎዌል፣ ፈረንሳይ ደግሞ ፓሪስ ዙሪያ የሰፈሩት አሉ። ሎንግ ቢች ውስጥ ከ2007 ጀምሮ (እዚህ ጽሁፍ ላይ ያሉት አመተ ምህረቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ካምቦዲያ ታውን ተብሎ በይፋ የተሰየመ ሰፈር ሁሉ አለ።

ስለዚ ልጅ ስትቀበሉ "ከካምቦዲያ ነው" ብላችሁ አትለፉት፣ ቤተሰቡ ራሱን ምን ብሎ እንደሚጠራ ጠይቁ። ወላጆች በዚህ ጥያቄ ሲከፉ አይቼ አላውቅም፣ እንደውም ደስ ነው የሚላቸው።

ገና ህፃን ነው፣ ባህል ምን ይገባዋል? ከስንት አመቱ ነው የሚጀመረው?

ከተወለደ ቀን ጀምሮ። የአንድ አመት ልጅ አንኮር ዋት የሚባለው የጥንቱ ቤተ መቅደስ ምን እንደሆነ አያውቅም፣ ማወቅም የለበትም፣ ግን የአያቱን ድምፅ ያውቃል፣ ቦቦር የሚሉትን የሩዝ ገንፎ ሽታ ያውቃል፣ ክራማ የሚባለውን ዳማ ዳማ ያለበት የጥጥ ጨርቅ ፊቱ ላይ ሲያደርጉለት ያውቀዋል። ገጠር ካምቦዲያ ህፃን የሚተኛው ከሁለት ምሰሶ መሀል በታሰረ የጨርቅ መወዛወዣ ላይ ነው፣ አያት ስራዋን እየሰራች በገመድ ሳብ ሳብ እያደረገች ታንጎራጉርለታለች፣ ተኝቶ ፈገግ ሲል ደግሞ የድሮ እናቱ፣ ማለትም ባለፈው ህይወቱ የወለደችው፣ እያጫወተችው ነው ይላሉ። (መወዛወዣው ላይ ግን ሰው ሳይኖር አትተዉት፣ ለሌሊት እንቅልፍ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ በጀርባው ይተኛ።)

እኔ ከሁሉም በላይ እንዲያዝልኝ የምፈልገው ነገር፣ ለህፃን ባህልና እርጋታ ሁለት የተለያየ ነገር አደሉም። ሲያለቅስ የሚያነሳው ሰው በክመርኛ እያባበለ ካነሳው ክመርኛ የመረጋጊያው ድምፅ ይሆናል፣ በክመርኛ የሚሰማው ቁጣና ትእዛዝ ብቻ ከሆነ ደግሞ የቁጣ ቋንቋ ሆኖ ይቀራል። ውጭ አገር ብዙ ቤት ያለው ችግር ይሄ ነው፣ ወላጅ ሲያጫውት በእንግሊዝኛ ሲቆጣ በክመርኛ ይሆናል፣ ከዛ ልጁ ሰባት ስምንት አመት ሲሞላው "ክመርኛ አልወድም" ሲል ሁሉም ይደነግጣል። ብትችሉ ገልብጡት፣ ማጫወቻው፣ ማቀፊያው፣ ማስተኛው ክመርኛ ይሁን።

ሰውን ምን ብሎ ነው የሚጠራው? እኔ ሞግዚቱስ ምን ልባል?

ክመር ቤት ውስጥ ልጅ ትልቅ ሰውን በደረቁ ስም አይጠራም። ታላቅ ቦንግ ነው፣ ታናሽ ኦውን፣ ሴት አያት ያይ፣ ወንድ አያት ታ፣ ከወላጅ በእድሜ የምታንስ አክስት ሚንግ፣ የሚያንስ አጎት ፑ፣ ከወላጅ የሚበልጡት ሁለቱም ኦም። ዘመድ ያልሆነም ሰው በእድሜው ልክ እንዲሁ ነው የሚጠራው፣ እኛ ጎረቤቱን ሁሉ ጋሼ እትዬ እንደምንለው ማለት ነው። ሞግዚት ወይ አስተማሪ ከሆናችሁ እናትየውን "ምን ብሎ ይጥራኝ?" በሏት፣ ምናልባት ሚንግ ትባላላችሁ፣ ልጁም የቤቱ ወግ እናንተ ጋ እንዳልተቋረጠ ይሰማዋል።

ሌላ ልትለምዱት የሚገባ፣ አቤታውና እሺታው በፆታ ይለያያል፣ ሴት ልጅ "ቻስ" ትላለች ወንድ ልጅ "ባት" ይላል። ገና በትንሽነታቸው የሚይዙት ነገር ነው፣ እናንተም ስትሰሙት "ጎበዝ" በሉት።

ቤት ውስጥ ክመርኛ ብቻ ብናወራው እንግሊዝኛው አይዘገይበትም?

አይዘገይበትም። ሁለት ቋንቋ እየሰማ ማደግ የንግግር መዘግየት አያመጣም፣ ይሄ በደንብ የተጠና ጉዳይ ነው። መጀመሪያ ላይ በእያንዳንዱ ቋንቋ የሚያውቀው ቃል ትንሽ ሊመስል ይችላል ግን የሁለቱን ደምራችሁ ነው መቁጠር ያለባችሁ፣ በአንድ አረፍተ ነገር ውስጥ ሁለቱን ቢቀላቅልም ግራ ገብቶት አደለም፣ ሁለት ቋንቋ የሚችል ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው። ሁለት አመት ሞልቶት በየትኛውም ቋንቋ ሁለት ቃል ማገጣጠም ካልጀመረ ግን ቆይ ይደርሳል አትበሉ፣ አስመርምሩት፣ የመስማት ምርመራም ጨምሩበት።

"እንግሊዝኛ ብቻ አውሩት" የሚል ምክር ከማንም ቢመጣ አትቀበሉት። ወላጅ በማይደላው ቋንቋ ሲያወራ ወሬው ያጥራል፣ ቀልዱ ይቀራል፣ ማባበያው ይቀራል፣ ልጁ የሚጎዳው በዛ ነው።

እኛ ራሳችን ክመርኛ አንችልም፣ የምንሰማውም በግማሽ ነው። ምን እናድርግ?

ያላችሁን ስጡት። አሜሪካ ተወልደው ያደጉ ወላጆች በዚህ በጣም ነው የሚሸማቀቁት፣ ግን ያይ፣ ታ፣ ቦንግ ማለት ብቻውን ብዙ ነገር ይዞ ይመጣል፣ አንድ እሹሩሩ፣ የምግቦቹ ስም፣ እስከ አስር መቁጠር፣ በቃ ከዛ ይጀመራል። አያት በህይወት ካለች ደግሞ በቪዲዮ ኮል ረጅም ወሬ አትጠብቁ፣ የሶስት አመት ልጅ ቁጭ ብሎ አያወራም፣ ይልቅ ያይ እዛ ስትበላ እሱም እዚ እየበላ ስልኩ ክፍት ይሁን።

ተረትም አለ። የክመር ተረት ውስጥ ልጆች የሚሞቱለት ብልጡ ዳኛ ጥንቸል ሶፊያ ቶንሳይ ነው። አንዱ ላይ ሙዝ ይዛ ገበያ የምትሄድ ሴትዮ መንገድ ላይ ሞቶ የተዘረጋ መስሎ ይጠብቃታል፣ ለወጥ ይሆነኛል ብላ አንስታ አናቷ ላይ ያለው ቅርጫት ውስጥ ስትከተው ገበያ እስክትደርስ ሙዙን ሙልጭ አድርጎ በልቶ ዘሎ ይጠፋል። በእንግሊዝኛም ብትነግሩት ተረቱ የክመር ነው፣ ትንሽ ሰው በጭንቅላቱ ትልቁን ማሸነፍ እንደሚችል ይሰማል፣ ይስቃል። በክመርኛ የተዘጋጀ የልጆች መፅሀፍ ከፈለጋችሁ ካምቦዲያ ውስጥ ሲፓር የሚባለው ድርጅት ያሳትማል፣ የሚሄድ ሰው ካለ አስመጡ።

ሳምፔያ አላደርግም ብሎ አሳፈረን። እናስገድደው?

አታስገድዱት። ሳምፔያ ሁለት እጅን አጋጥሞ የሚሰጥ ሰላምታ ነው፣ ለእኩያ ደረት ላይ፣ ለታላቅ አፍ ጋ፣ ለወላጅ ለአያትና ለአስተማሪ አፍንጫ ጋ፣ ለመነኩሴና ለንጉስ ቅንድብ ጋ፣ ለቡድሀ ግንባር ላይ። ይሄን ሁሉ ደረጃ የአራት አመት ልጅ አይዘውም፣ ካምቦዲያም ያሉ ልጆች ከፍ እያሉ ነው የሚለዩት፣ ከትንሽ ልጅ የሚጠበቀው እጁን ማጋጠሙ ብቻ ነው።

ልጁ እምቢ የሚለው ብዙ ጊዜ ስላፈረ ነው፣ የማያውቀው ዘመድ ተሰብስቦ እያየው "አድርግ አድርግ" ሲባል ማን ያደርጋል። እናንተ አድርጉ፣ እሱ እቅፋችሁ ውስጥ ሆኖ ይመልከት፣ አያትየዋን ቀስ ብላችሁ "ትንሽ ይልመድሽ" በሏት። ለሌሎቻችሁ ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ፣ አናት ለክመር ሰው የተከበረ የሰውነት ክፍል ነው፣ እንደ ፍቅር ብላችሁ የማታውቁትን ልጅ ጭንቅላት አትዳብሱ፣ እግራችሁንም ወደ ሰው ወይ ወደ ቡድሀ ምስል ዘርግታችሁ አትቀመጡ።

ፊደሉን መቼ እናስተምረው?

አትቸኩሉ። ካምቦዲያ ውስጥ አንደኛ ክፍል የሚገባው በ6 አመት ነው፣ የደንብ ንባብ የሚጀመረውም እዛ ነው። የክመር ፊደል 33 ተነባቢዎች አሉት፣ ከስር የሚጻፍ ቅርፅ አላቸው፣ አናባቢው ከላይ ከታች ከግራ ከቀኝ ይቀጠላል፣ በዛ ላይ በአንድ ቃልና በሌላው መሀል ክፍት ቦታ አይተውም። ከ5 አመት በፊት ስሙን በክመር ፊደል ጽፋችሁ በሩ ላይ ለጥፉለት፣ አሸዋ ላይ በጣቱ ይሞክር፣ ሌላው ይደርሳል።

በዓላት ላይ ምን ብናደርግ ይጠቅመዋል? ፕቹም ቤን የመናፍስት ነገር ስለሆነ አያስፈራውም?

ለልጅ ምርጡ አዲስ አመት ነው፣ ቾል ችናም ትመይ፣ ብዙ ጊዜ ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ፣ በፈረንጅ አፕሪል 13 ወይ 14 ይጀምርና ሶስት ቀን ይቆያል። ሶስተኛው ቀን ላይ ልጆች ወላጅና አያቶቻቸውን መአዛ ባለው ውሀ ያጥባሉ፣ ይቅርታ ይጠይቃሉ፣ ይመረቃሉ። ከሁሉም በዓል ይሄን ቀን ነው የምወደው፣ ልጅ ሁልጊዜ የሚታጠበው እሱ ነው፣ የዛን ቀን ግን የያይን እጅ እሱ ያጥባል፣ እሷም እያለቀሰች ትመርቀዋለች፣ የአክብሮት ትምህርት በቃል ከመንገር ይሄ ይበልጣል። ጨዋታውም አለ፣ ሊያክ ካንሴንግ የሚባለው ክብ ሰርተው ተቀምጠው አንዱ የተጠመዘዘ ክራማ ከሰው ጀርባ ደብቆ የሚጥልበት፣ ቾል ቹንግ የሚባለው ከክራማ የተሰራ ኳስ የሚወራወሩበት፣ ገመድ ጉተታ። ገመድ ጉተታው በ2015 ከፊሊፒንስ፣ ከደቡብ ኮሪያና ከቬትናም ጋር በጋራ ዩኔስኮ ላይ ተመዝግቧል።

ፕቹም ቤን ሌላ ነው፣ በሴፕቴምበርና ኦክቶበር አካባቢ 15 ቀን ሙሉ ለሞቱ ዘመዶች ምግብ ወደ ፓጎዳ፣ ማለትም ወደ ቡድሀ ቤተ መቅደስ፣ ይወሰዳል፣ ገና ሳይነጋ ለተራቡ ነፍሳት የሩዝ ድብልብል ይጣላል። ስለነዚህ የተራቡ መናፍስት ትልልቆቹ ልጆች የሚያወሩት ወሬ ትንሹን እንቅልፍ ሊነሳው ይችላል፣ ስለዚ ሌሊቱን ለትልልቆቹ ተዉትና ትንሹ ቀን ላይ ኑም አንሶም የሚባለውን በሙዝ ቅጠል የሚጠቀለል የሩዝ ኬክ ሲሰራ ቅጠሉን ያቀብል፣ "ይሄ ለታ አባት ነው፣ ሙዝ ያለበትን ነበር የሚወደው" በሉት። የሞተ ሰው በፍቅር እንጂ በፍርሀት እንዳይመጣበት ነው።

ምሳውን ልጆች "ይሸታል" አሉበት፣ ከዛ ወዲህ የክመር ምግብ አልበላም አለ።

ይሄ የሚያም ነገር ነው፣ ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። ፕራሆክ፣ ማለትም በጨው የተብላላው የአሳ ድልህ፣ የብዙ ክመር ወጥ መሰረት ነው፣ ልጁ የተባለው ነገር በእናቱ ማእድ ቤት ላይ የተባለ ነው። መጀመሪያ ስሜቱን ስሙ፣ "ከፍቶህ ነበር? እኔም ብሆን ይከፋኝ ነበር" በሉት፣ ወዲያው ስለ ኩራት ንግግር አትጀምሩ። ለትምህርት ቤት ለጊዜው ሌላ ነገር ቋጥሩለት፣ ቤት ውስጥ ግን ምግቡ አይቀየር፣ አብሯችሁ ያብስል።

አስተማሪ ከሆናችሁ ስራው የናንተ ነው፣ የልጁ አደለም። "ይሸታል" የሚል ቃል ክፍል ውስጥ ሲባል የዛኑ ሰአት "የሰው ምግብ እንዲህ አይባልም" በሉ፣ አመት ጠብቃችሁ የባህል ቀን ብቻ አታዘጋጁ።

ደንግጦ ታመመ፣ አያቱ "ነፍሱን እንጥራ" አለች። ክር ማሰሩ፣ በሳንቲም መፋቁ ጉዳት አለው?

ክመሮች ሰው 19 ነፍስ አለው ይላሉ፣ ፕራሎንግ ይሏቸዋል፣ ልጅ ሲደነግጥ ወይ ሲወድቅ አንዷ ጠፍታ ልትቀር ትችላለች፣ ስለዚ ተጠርታ ትመለሳለች፣ እጁ ላይም ክር ይታሰራል። ምንም ጉዳት የለውም፣ እንደውም ምን እንደሚሆን አስቡት፣ የደነገጠ ልጅ መሀል ላይ ይቀመጣል፣ የሚወዱት ሁሉ ዙሪያውን ይሆናሉ፣ ስሙን እየጠሩ "ና ተመለስ፣ ቤትህ እዚ ነው" ይሉታል። ለተሸበረ ልጅ ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፣ ክሩ እንዳይጠብቅ፣ አንገት ላይ እንዳይሆን።

ኮስ ክያል ግን፣ ዘይት ቀብቶ በሳንቲም ጠርዝ ጀርባና ደረትን መፋቅ ነው፣ ቀይ ሰንበር ይተዋል፣ የህፃን ቆዳ ደግሞ ስስ ነው፣ ለትንንሽ ልጆች ባይደረግ ይሻላል። ትልልቆቹ ላይ ከተደረገ ወላጆች ለአስተማሪ ቀድማችሁ ንገሩ፣ አሜሪካ ውስጥ ሰንበሩ ድብደባ መስሎ ብዙ ቤተሰብ ችግር ውስጥ ገብቷል። አስተማሪዎችም ከመደምደማችሁ በፊት ጠይቁ። ከሁሉም በላይ ግን ከ3 ወር በታች የሆነ ህፃን 38 ዲግሪና ከዛ በላይ ካተኮሰው ቀጥታ ሀኪም ጋ ነው፣ ክሩ ሌላ ቀን ይታሰራል።

እናቱ ፕኖም ፔን ፋብሪካ ትሰራለች፣ ልጁ ገጠር ከአያቱ ጋ ነው። ይጎዳል?

ካምቦዲያ ውስጥ ይሄ በጣም የተለመደ ነው፣ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ የሚሰሩት አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው፣ ታይላንድ ለስራ የሄዱም ብዙ ወላጆች አሉ። አያት ጋ ማደግ በራሱ አይጎዳም፣ አያትየዋ የምታቅፈው የምታወራው ከሆነ ልጁ በፍቅር ያድጋል፣ ቋንቋውንና ወጉንም ከማንም በላይ ከሷ ነው የሚያገኘው። የሚጎዳው በድንገት መጥቶ በድንገት መጥፋት ነው። እናት ስትመጣ መቼ እንደምትሄድ ይነገረው፣ ተኝቶ እያለ ሹልክ ብላ አትሂድ፣ ያለቅሳል፣ ያልቅስ፣ አያቱ ትይዘዋለች። የለበሰችው ክራማዋን ትታለት ብትሄድ ሽታዋ ያጽናናዋል። በሶስተኛው በአራተኛው ቀን ስትደውል ፊቱን ቢያዞርባትም ተቀይሟት እንጂ ረስቷት አደለም፣ መደወሏን አታቁም።

ልጃችን በጣም ፀጥ ያለ ነው፣ ሰው ሁሉ "ጨዋ" ይለዋል። ጨዋነት ነው ወይስ ሌላ ነገር?

ሁለቱም ሊሆን ይችላል፣ ክመር ቤት ውስጥ ደግሞ ፀጥታ ስለሚወደስ መለየቱ ይከብዳል። እኔ የምለው ብቻውን ሲሆን እዩት። ጨዋ ልጅ እንግዳ ፊት ዝም ይላል፣ እንግዳው ሲወጣ ግን ቤቱን ይገለብጠዋል። የተጨነቀ ልጅ እንግዳ ሲሄድም አይጫወትም፣ አይኑ ትልልቆቹ ፊት ላይ ነው፣ ድምፅ ከፍ ሲል ይሸማቀቃል፣ የተወውን አልጋ ማርጠብ መልሶ ይጀምራል፣ ሆዴን ይላል። እንዲህ ያለው ነገር ሳምንታት ከቆየ የህፃናት ሀኪም ጋ ሂዱ።

የስሜት ቃላትም ስጡት፣ "ተናደድክ? ፈራህ? ናፈቀህ?" በክመርኛ። መከበር ያለበት ትልቅ ሰው ነው እንጂ የልጁ ስሜት መደበቅ የለበትም፣ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። ሴት ልጆች ላይ ጫናው ይብሳል፣ ችባብ ስረይ የሚባለው የድሮ የሴቶች ስነምግባር ግጥም እስከ 2007 ድረስ ትምህርት ቤት ይሰጥ ነበር፣ የቤት ውስጥ ጠብን ወደ ውጭ አታውጪ የሚል ምክር ሁሉ አለበት። አካሄዱን፣ ለዛውን፣ ለታላቅ መታዘዙን ብታስተምሯት ደስ ይለኛል፣ የሚያማትን ነገር እንድትደብቅ ግን አታስተምሯት።

አያቶቹ ስለ ክመር ሩዥ ዘመን ምንም አያወሩም፣ አንዳንዴ ሌሊት ይጮሀሉ። ለልጁ ምን እንበለው? መቼስ ነው የሚነገረው?

ክመር ሩዥ የሚባለው የኮሚኒስት ቡድን ካምቦዲያ ውስጥ ስልጣን ላይ የነበረው ከአፕሪል 17 ቀን 1975 እስከ ጃንዋሪ 7 ቀን 1979 ነው፣ በግምት ከ1.5 እስከ 2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል፣ ያኔ የአገሪቱ ህዝብ ወደ 8 ሚሊዮን ነበር። ልጆች ከወላጅ ተነጥለው የልጆች ጓድ ውስጥ ይገቡ ነበር፣ ቤት ውስጥ አብሮ መብላት ተከልክሎ በጋራ ነበር የሚበላው፣ መነኮሳት የምንኩስና ልብሳቸውን እንዲያወልቁ ተገደዋል። አሁን ሂሳቡን ስሩት፣ የዛሬዎቹ ያዮችና ታዎች ያኔ ራሳቸው ልጆች ነበሩ። አቅፎ ያባበላቸው ሰው ያልነበረበት እድሜ ነው፣ ስለዚ "እወድሃለሁ" ማለት አይመጣላቸውም፣ የሚመጣላቸው "ሩዝ በላህ ወይ?" ነው። ልጁ ይሄን እንደ ፍቅር እንዲሰማው እናንተ በመሀል ሆናችሁ ንገሩት፣ "ያይ ስለምትወድህ ነው የምትጠይቅህ" በሉት። በ2005 የታተመ ጥናት ሎንግ ቢች ያሉ የካምቦዲያ ስደተኞች ላይ 62 በመቶው የጦርነት ጠባሳ የሚያመጣው የአእምሮ ህመም፣ 51 በመቶው ደግሞ ከባድ ድብርት እንዳለባቸው አሳይቷል፣ ያውም ከተሰደዱ ሁለት አስርት አመት ካለፈ በኋላ። ስለዚ የናንተ ቤት ብቻ አደለም።

ከ5 አመት በታች ላለ ልጅ አጭርና እውነተኛ መልስ ይበቃል፦ "ያይ ትንሽ ልጅ ሆና ክፉ ጊዜ ነበር፣ ቤተሰቦቿን አጣች፣ ሌሊት ህልም ያስፈራታል። አንተ ያደረግከው ነገር የለም። አሁን እኛ ጋ ናት።" "አንተ ያደረግከው ነገር የለም" የሚለውን አትዝለሉት፣ ትንሽ ልጅ ትልቅ ሰው ሲያዝን ያጠፋሁት እኔ ነኝ ብሎ ነው የሚያስበው። ዝርዝሩን፣ ፎቶውን፣ ያኔ እስር ቤት የነበረውን ቱኦል ስሌንግ ሙዚየምን ለትልቅነቱ አቆዩት። "ሩዝህን ካልጨረስክ እኛ ያኔ ስንራብ" እያሉ ማስፈራራትም ይቅር፣ ረሀቡን ልጁ ላይ መጫን ነው። አያቶችን ደግሞ አውሩ ብላችሁ አታስጨንቋቸው፣ ስለ ድሮ ዘፈን፣ ስለ መንደራቸው፣ ስለ እናታቸው ወጥ ጠይቋቸው፣ ከዛ ወዲያ ራሳቸው እስከፈለጉት ይሄዳሉ። የሌሊቱ ጩኸት ከበዛ ግን እርዳታ አለ፣ ካምቦዲያ ውስጥ ቲፒኦ የሚባለው ድርጅት በክመርኛ የስነልቦና ምክር ይሰጣል፣ ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ክመርኛ የሚችል አማካሪ ወይ አስተርጓሚ እንዲመደብላችሁ ጠይቁ፣ የልጅ ልጅን አስተርጓሚ አድርጋችሁ ግን አታስገቡ።